«ትራሽ ሜታል» የሚል ካርቶን

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ሥራችሁን ጥላችሁ ለእኔ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ያሰማመራችሁ የጽሕፈት ቤት ልጆች፣ እጃችሁ ይባረክ። ለግድግዳ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓት ስታስፈርሙኝ ኖራችሁ፣ ስሄድም ሰዓት አሸከማችሁኝ።

ፕሮግራም መሪው ቅድም ጠጋ ብሎ «አምስት ደቂቃ ይበቃዎታል፣ እትዬ ካሴት?» አለኝ። አይበቃኝም። ተሰናባች አይቋረጥም የሚለውን ደንብ ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ እንግዲህ ቻሉት።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ትራሽ ሜታል ሙዚቃ ነው።

ይኸው፣ ከኋላ የሳቃችሁ አላችሁ። ሳቁ። ይህ ሳቅ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ እኔም የመጣሁት ለእሱ ነው። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። የስንብት ንግግር ደግሞ ማለቂያው ምርቃት ነው። ስለዚህ ምርቃቴ እንዲደርስላችሁ መጀመሪያ ቂሜን ላራግፍ።

አዲሶቹ አታውቁኝም። የዚህ ሬዲዮ ጣቢያ የካሴት ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ኃላፊውም ሠራተኛውም እኔው ነኝ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፣ ከጄኔሬተሩ ጎን፣ መስኮት የለውም። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በያጅ ነበር። ቀን ብረት ይበይዳል፣ ከሥራ ሲወጣ ጊታር ይመታል፤ የሚመታውም ትራሽ ሜታል ብቻ ነው። እናታችን «ይህ ልጅ ከሥራ ወጥቶም ሥራ ላይ ነው» ትል ነበር።

ይህን ሙዚቃ ለማያውቅ ሰው ለምን አታስረዳም አልኩት። በምሳ ሰዓት ባዶ ስቱዲዮ እየገባን ስምንት ካሴት ቀዳን። እሱ ያወራል፣ በጊታሩም ምሳሌ ያሳያል፤ እኔ እቀዳለሁ። ርእሱን «ትራሽ ሜታል ለአዲስ አድማጭ» አልነው። አየር ላይ እንዲውል አመለከትኩ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ ማመልከቻዬ ላይ «ይቆይ» ብለው መሩበት። ካሴቱ ቆየ። ወንድሜ ግን አልቆየም፤ በዚያው ዓመት ልቡ ቆመ።

ከዚያ አንድ መመሪያ ወረደ። ማንኛውም የካሴት መለያ በራሳችን ፊደል ብቻ ይጻፍ ይላል። ጥሩ መመሪያ ነው፣ አልተቃወምኩም። ስምንቱ ካሴቶች ያሉበት ካርቶን ላይ ወንድሜ በባዕድ ፊደል የጻፈውን ሸፍኜ፣ በትልቁ «ትራሽ ሜታል» ብዬ ጻፍኩበት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በዚያ በባዕዱ ቋንቋ እኛ ትራሽ የምንላቸው ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ ቆሻሻ ማለት ነው። ሌላው፣ ምላስን በጥርስ መሐል ብቅ አድርጎ የሚጠራው፣ መደብደብ፣ መውቃት ማለት ነው። የሙዚቃው ስም ይኸኛው ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ግን መንታ ናቸው፣ እናታቸውም አትለያቸው።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ያን ሰሞን የኮምፒውተር ሥልጠና ወስደው ነበር። የማይፈለግ ነገር የሚጣልበት ቅርጫት ትራሽ እንደሚባል ተምረው መጡ። እኔ ለወንድሜ መቃብር ድንጋይ ላስቆም የሁለት ቀን ፈቃድ በወጣሁበት ሳምንት ምድር ቤቱን ጎበኙ። ካርቶኑን አነበቡ።

ስመለስ መደርደሪያው ባዶ ነው። ዘበኛችንን ጠየቅኩት። ካርቶኑ ከተሰባበሩ ወንበሮችና ከዛገ ቬንቲሌተር ጋር ተጭኖ ወደ ብረት ማቅለጫ ሄዷል አለኝ፤ ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ወደ ቢሮዎ ወጣሁ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ። የወንድሜ ድምፅ ያለው እዚያ ብቻ ነው አልኩዎት። የመለሱልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ራስሽ የሚጣል ብረት ብለሽ ጽፈሽበት እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስህተት ነው ብዬ እተወው ነበር። ማን ያልተሳሳተ አለ? ግን በየዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ቀልድ አደረጉት። «የካሴት ክፍላችን ቆሻሻውን እንኳ በፊደል ተራ ነው የሚያስቀምጠው» ይላሉ፣ አዳራሹ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔን ደግሞ ከመወጋቴ ይልቅ የራሴ ሳቅ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አሁን ወንድሜ ያስተማረኝን ላስተምራችሁ። እርስዎም ይስሙ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤ «ይቆይ» ብለው ሲመሩበት አልሰሙትም ነበር።

መጀመሪያ ዘፋኙን እርሱት። አዲስ አድማጭ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጩኸቱን ሰምቶ ይሸሻል። ከበሮውን ያዙ። ከበሮ መቺው በሁለቱም እግሩ ነው የሚመታው፣ እየሮጠ የሚያወራ ሰው ይመስላል። እሱን ከለመዳችሁ በኋላ ወደ ጊታሩ ሂዱ። ጊታር መቺው የመዳፉን ጠርዝ ክሩ ላይ ያሳርፋል፣ አፍኖ ይመታዋል። ድምፁ የሚታፈነው ሊያንስ አይደለም፤ ሊጠነክር ነው። ወንድሜ ይህን ሲያሳየኝ «አየሽ እታለም፣ የታፈነ ነገር ነው አጥብቆ የሚመታ» አለኝ። ያኔ ስለ ጊታር የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

ሙዚቃውን የጀመሩት የባሕር ማዶ ጎረምሶች ናቸው፣ በየቤታቸው የመኪና ማቆሚያ ክፍል፣ በተዋሱት ጊታር። የከባዱን ሮክ ክብደትና ፓንክ የሚሉትን አጭርና ችኩል ሙዚቃ ጥድፊያ አንድ ላይ ቀላቀሉ። የሚዘፍኑት ስለ ፍቅር አይደለም። ስለ ጦርነት፣ ስለሚዋሽ ባለሥልጣን፣ ሰው ሰውን እንዴት እንደሚረግጥ ነው የሚዘፍኑት። አንድ ጊዜ ሰምታችሁ ጫጫታ ነው ብትሉ አልቀየማችሁም። ሦስት ጊዜ ስሙ። በሦስተኛው ቁጣው ሥርዓት እንዳለው ይገባችኋል። የብየዳ ቤት መዶሻ ለማያውቅ ጫጫታ ነው፤ ለባለሙያው ግን በር እየተሠራ ነው።

ሰባቱ ካሴቶች ቀለጡ። አንደኛው ግን ያን ዕለት ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ማጫወቻው ሆድ ውስጥ ነበር፤ ያገኘሁትም ከቢሮዎ ከወረድኩ በኋላ ነው።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በቀጣዩ ዓመት የሰኞ ጠዋት ፕሮግራምዎን ሲጀምሩ ምን ብለው እንደላኩብኝ ያስታውሳሉ? «ግርማ ሞገስ ያለው መግቢያ ሙዚቃ ፈልጊልኝ» አሉ። ፈለግሁ። ከዚያች ካሴት ላይ የወንድሜን ጊታር ቀንጭቤ ቀድቼ፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሼ አመጣሁልዎት። ሲንቀረፈፍ የሹማምንት ሰልፍ መሰለ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ሙዚቃ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። ለመጣው እንግዳ ሁሉ «መግቢያውን የመረጥኩት ራሴ ነኝ» ይላሉ።

እውነት ነው፣ መርጠዋል። ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ ሰኞ፣ ከተማው መጀመሪያ ወንድሜን ሰምቶ ነው እርስዎን የሚሰማው።

አሁን አይስቁም? ግድ የለም፣ እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ስቄልዎታለሁ።

የፊታችን ሰኞ መግቢያውን ማስቀረት ይችላሉ። ያኔ ግን አድማጭ ምን ሆነ ብሎ ይደውላል፣ መልሱም እርስዎ ዘንድ ነው። ወይም ይተዉታል፣ በየሳምንቱም ከእሱ በኋላ እየተነሱ ይናገራሉ። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። ሰዓትም ሰጥታችሁኛል።

ቂሜ አለቀ? አላለቀም፣ አልዋሽም። ግን ለምርቃት የሚሆን ቦታ ለቀቀልኝ።

ዘበኛችን፣ ያን ቀን ስላፈርክልኝ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። አዲሶቹ፣ እንጀራችሁ ይባረክ፣ ማመልከቻችሁ ላይ «ይቆይ» የሚጽፍ አይግጠማችሁ። የሳቃችሁብኝ ሁሉ፣ የሚወዳችሁ ሰው ድምፅ ከቤታችሁ አይጥፋ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ዕድሜዎ ይርዘም፤ እርስዎም በተራዎ ሲሰናበቱ ዕቃዎን የሚያሽገው ሰው ከማንበብ አልፎ መጠየቅ የሚያውቅ ይሁን።

የድምፅ ክፍሏ ልጄ፣ ካሴቱ አንቺ ጋ ነው። የሰኞው ቅጂ አይደለም፣ ፍጥነቱ ያልተነካው ዋናው ነው። ከጊታሩ በፊት አንድ ወንድ ጉሮሮውን ሲጠርግ ትሰማላችሁ። «እታለም፣ እየቀዳሽ ነው?» ይላል። ተቆርጦ መውጣት የነበረበት ነው፤ ሥራዬም ያንን መቁረጥ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ያልሠራሁት እሱን ብቻ ነው።

ክፈችው፣ ልጄ። ድምፁንም ከፍ አድርጊው።