የእትዬ ጥሩወርቅ ተልባ

አሣ ሲጾም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የኔዎቹ ጾመዋል። ማንኩሳ አጠገብ ባለችው ኩሬዬ አሣዎቹ ቁስል አውጥተው ይሞቱብኝ ጀመር። የወረዳው ባለሙያ መድኃኒት ሰጠኝና፣ «እንዲሁ ብትበትነው ውሃው ያሟሟዋል። ከመኖው ጋር በእንቁላል ነጭ ለውሰህ፣ አድርቀህ ስጣቸው» አለኝ። ጎረቤቴን እትዬ ጥሩወርቅን እንቁላል ብለምናቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«በሁዳዴ? ነገ ጿሚ የሚበላውን አሣ ዛሬ ልታስገድፈው!» ብለው የተልባ ዝልግልግ አቀበሉኝ። እምቢ ማለት አፍሬ፣ እየፈራሁ ለወስኩበት። አሣዎቹ ጥርግ አድርገው በሉት፤ ቁስላቸውም ጠገገ። ባለሙያው ሲሰማ፣ «ተልባም እኮ መድኃኒቱን ይይዛል» ብሎ ሳቀ። እኔማ የእትዬን ጉልበት ስሜ አመሰገንኩ።

በፋሲካ ማግሥት እንቁላል በሰፌድ ይዘው ኩሬው ዳር መጡ። «በል ልጄ፣ አሁን እነሱም ይግደፉ!»