የአባዬ ሌንሶች የሚገጥሙለት ካሜራ

— ሄሎ… አቤት አባዬ። አዎ፣ ሱቁ ውስጥ ነኝ። ይሰማል፣ ይሰማል፣ አትጩህ።

— ሻጩ ሁለት ካሜራ አውጥቶልኛል። በዋጋ ያው ናቸው። አንደኛው ያንተው ዓይነት ነው፣ ሌንሶችህ ይገጥሙለታል… አዎ፣ ሰባቱም። ሌላኛው ደግሞ… ቪዲዮ ላይ ጎበዝ ነው፣ ስክሪኑ ይታጠፋል፣ ጨለማም አይፈራም።

— ለፎቶ ቤታችን ጉርድ ፎቶ ቪዲዮ ምን ያደርጋል? እ… ምንም። እውነትህን ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው የት ይሄዳል።

(ወንድሜ፣ ድምፅህን ቀንስልኝ። ሰኞ ከቀረጻ ቡድን ጋር ለስድስት ወር እንደምወጣ አልነገርኩትም። ይሄን ባለ ቪዲዮውን ነው የምወስደው። ካርቶኑን አዘጋጅልኝ።)

— ኧረ ከሻጩ ጋር ነው። የቱን? ያንተን ነዋ! በእጄ ይዤዋለሁ።

— ምን? አንሺበትና አሰሚኝ? በስልክ? አባዬ፣ ሰው ይስቅብናል… አውቃለሁ፣ አርባ ዓመት ሰምተኸዋል፣ ሲነሳበት ቀጭ የሚለውን ድምፁን ከሺህ ትለየዋለህ። እሺ… አንዴ ብቻ።

(በሞቴ ወንድሜ፣ ያኛውን፣ የአባቴን ዓይነት አንሳና ተጫነው። ቶሎ!)

— ሰማህ? ራሱ ነው አይደል! አሜን… አሜን አባዬ።

— እ? ከሩቅ መጣ? ሱቁ ሰፊ ስለሆነ ነዋ… አሁን በእጅሽ ያለውን አሰሚኝ? እሺ።

…

— አዎ። ሌላኛው ነው። ዋሸሁህ… አባዬ? ሄሎ? ትሰማኛለህ? ተቆጣኝ እንጂ።

— ምን አልክ? ምኑ ደበዘዘብህ? የምታየው ሁሉ?… ከመቼ ጀምሮ? ካለፈው ክረምት! ታዲያ የተመራቂዎቹን ፎቶ እንዴት አነሳህ… በጣትህና በጆሮህ። ወይኔ አባዬ! እማዬስ ታውቃለች? እሷም አታውቅም። ይህን ሁሉ በሆድህ ይዘህ?

— ገባኝ። ሌንሶቹን ዳብሰህ ትለያቸዋለህ። አንተ ልታቀብል፣ እኔ ላነሳ… አላለቅስም፣ ጉንፋን ነው።

— ሰኞ? ለመታወቂያ ስንት ተማሪ ይመጣል? ስልሳ። በጠዋት።

— እኔ? እኔ በሆዴ የያዝኩት ነገር የለም።

— አለሁ አባዬ። የት እሄዳለሁ።

(ተወው ወንድሜ። የአባቴን ስጠኝ። አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ።)

— በል እሺ፣ መጣሁ… አይ፣ የስልኩን መዝጊያ በዳበሳ አትፈልግ። ተወው፣ እኔ እዘጋዋለሁ።