ጉም ተኝቶ ሳለ አልነሣም ያሉት ካፒቴን አፈወርቅ ውባየሁ

ካፒቴን አፈወርቅ ውባየሁ ከአባታቸው ከአቶ ውባየሁ መኳንንትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሸዋ በጥር ወር 1949 ዓ.ም. እዚሁ መንዝ፣ ቀየት አጠገብ ተወለዱ። ፊደል በዚህ ደብር ቆጥረው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በመሐል ሜዳና በደብረ ብርሃን ፈጽመው፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው አዲስ አበባ ከበረራ ትምህርት ቤት ገቡ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ አባይነህ ግን ከእርሻው ቀሩ፤ ፊደልም አልቆጠሩ፣ ነገርም አላበዙ።

በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ይመኙሻል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ለአንድ የረድኤት ድርጅት በትንሽ አውሮፕላን መድኃኒትና ክትባት ያመላልሱ ጀመር። ከመነሣታቸው በፊት ካርታቸውን ዘርግተው መንገዱን በእርሳስ ያሰምራሉ፤ አንዱ ሸለቆ ቢዘጋ በየትኛው እንደሚያልፉ፣ ከየት ላይ ወደ ኋላ እንደሚመለሱ፣ ነዳጁም እስከ የት እንደሚያደርስ አስቀድመው ይቆርጣሉ። ወደ መንዝ ሲመጡ ደግሞ፣ የአየር ጠባይ ጣቢያው የጓሳን ተራራ ጉም አያየውምና፣ ጧት መሐል ሜዳ ስልክ ቤት አቶ አባይነህን ያስጠራሉ። አቶ አባይነህም ጉም ካለ «ተኝቷል»፣ ከሌለ «ጠርቷል» ብለው ስልኩን ያስቀምጡታል። ካፒቴኑም «ጋሼ ቃል ሲሰጡ እንደ እህል ሰፍረው ነው» እያሉ ይሥቁ ነበር።

በመጋቢት 1989 ዓ.ም. መሐል ሜዳ ላይ አንድ ጤና ጣቢያ ሊመረቅ፣ አምስት እንግዶች በካፒቴኑ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ መጥተው ከከተማው በታች ካለው ሜዳ እንዲያርፉ ታዘዘ። በዚያ ጧት የበልጉ ጉም ከገደሉ ወጥቶ ጓሳን ውጦ፣ የስልክ ቤቱን ደጃፍ እንኳ አያሳይም ነበር። ስሙ በዚህ ቦታ ሊጠራ የማይገባው የዚያን ጊዜው ሹም ግን፣ ከበላዮቹ ፊት መታየት አምሮት፣ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ከአቶ አባይነህ ጎን ቆመና «ብራ ነው በለው። ጉምህን ማን ጠየቀህ? አፍህን ብታበላሽ በመሬት ሽግሽጉ እርሻህን እርሳው» አላቸው። አፉ የትናንት ጠላ ይሸት ነበር። አቶ አባይነህም የስድስት ልጅ አባት ነበሩና ተናገሩ፤ ሰማዩ እንደ ጥቅምት መሆኑን፣ ፀሐይዋ ዐይን እንደምትወጋ፣ የጓሳ በግ አንድ በአንድ እንደሚቆጠር፣ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ወጥቶ እንደሚጠብቅ፣ ሹሙ በክርኑ በጎሸማቸው ቁጥር እየጨመሩ ተናገሩ።

ካፒቴኑ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ስልኩን ዘግተው፣ ወደ እንግዶቹ ዞረው «ጋሼ አባይነህ በዕድሜያቸው ይህን ያህል ተናግረው አያውቁም፤ አልነሣም» አሉና ካርታቸውን አጣጠፉ። ከእንግዶቹ አንዱ «ይህን ሁሉ የተማርከው በገበሬ ወሬ ልትቀር ነው?» ብሎ ዘለፋቸው። ጉሙ እስከ ማግሥቱ አልተነሣም። ሹሙም ለእንግዳ ያሳረደውን ሙክት ከመሰሎቹ ጋር በልቶ፣ አፉን ሳይጠርግ «ፀረ ልማት» ብሎ ከሰሳቸው፤ ካፒቴኑም ሁለት ዓመት ከበረራ ታግደው መጋዘን ሲከፍቱና ሲዘጉ ከረሙ።

ከዚያ ወዲህ አቶ አባይነህ የወንድማቸውን ፊት ቀና ብለው ማየት ተሳናቸው። ካፒቴኑ ግን አንድም ቀን ነገሩን አላነሡባቸውም፤ ማን አስገደደዎትም አላሉም።

ካፒቴን አፈወርቅ ወደ በረራ ተመልሰው ሲሠሩ ቆይተው፣ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ከርመው፣ በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. በተወለዱ በአምሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይመኙሻልን፣ ልጆቻቸውን ማሙሽንና መሲን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ አባይነህን ትተው ሄደዋል።

ያ ሹም ዛሬ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከለቀስተኛው ፊት ቆሟል። አቶ አባይነህ ይህ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ እንዲሰማ የፈለጉት ይህን ብቻ ነው፤ «አዘዝከኝ፣ ታዘዝሁ። ወንድሜን ለመሬት ብዬ ወደ ሞት ጠራሁት። የመቃብሩን አፈር እኔ አልመልስበትም፤ አንተም አትመልስበትም።»

እግዚአብሔር የካፒቴን አፈወርቅን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያኑርልን፤ አሜን።