ለማሽኑ የተሰጠ ምሳሌ

— ሄሎ… አቤት፣ ማን ልበል?… የትነበርሽ? የቷ የትነበርሽ?

ዶክተር አምሐ የቷ እንደሆነች አሳምሮ ያውቃል። ስሟ ስልኩ ላይ ሲበራ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ሃና እንኳ አይታዋለች። ሃና በምርምር ማዕከሉ የምትሠራው መመሪያ መጻፍ ነው። የኤአይ ማሽኖች የምርምር ጽሑፍ በምን መሣሪያ እንደሚፈልጉ፣ ካገኙት ውስጥ የቱን እንደሚያምኑ፣ የቱን እንደሚተዉ ትጽፍላቸዋለች።

— አሃ፣ የአያ ክንዱ ልጅ! ምነው ጠፋሽ? ሰብሉ ሸጋ ነው?… ቆይ፣ አትቸኩይ። ኮላ ድባ ነሽ? ከገበያው ወጣ በይ፣ ጫጫታ ነው… እህ፣ አሁን ይሰማል።

— ማሽኑ ምን አለ?… «የማይታመን ጥናት»? ውይ! በስምሽ?… ይኸው ሃና እዚሁ ናት፤ መመሪያውን የምትጽፈው እሷ ናት። ሃና፣ እስቲ አንብቢላት። ጮክ ብለሽ!

ሃና ኮምፒውተሩን ወደ አምሐ ገፋችው። ያቺን መስመር ያስገባችው በገዛ እጇ ነው፤ እሱ እየነገራት። አምሐ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረና አነበበው።

— «ያገኘኸውን ከማቅረብህ በፊት መርምር። የማይታመን ጥናት ምሳሌ፦ የትነበርሽ ክንዱ፣ የደምቢያ ሽምብራና ነቀዝ።» ይኸው ነው… ኧረ አታልቅሺ! ማሽን እኮ ክፋት አያውቅም። የጻፍንለትን አንብቦ ያንኑ ይናገራል… ለምን አንቺን? ያለ ምሳሌ አይገባውማ!

የትነበርሽ ለዚያ ጥናት ሁለት ክረምት ሙሉ በደምቢያ ጭቃ ከጎተራ ጎተራ ስትዞር ከርማለች። አሁን ማዕከሉ ውስጥ ለተመራማሪነት አመልክታለች፤ የቅጥር ኮሚቴው ደግሞ የአመልካቾችን ሥራ የሚያስመረምረው በዚሁ ማሽን ነው።

— እኔ መቼ ተሳስቷል አልኩ? ጥናቱማ ሸጋ ነው… ግን ስሜን ከስምሽ አስቀድሚ ስልሽ ምን ነበር ያልሽኝ?… አልሰማሁም፣ ድገሚው… «ደምቢያን ረግጠው አያውቁም።» እሰይ! ያውም በሰው ፊት… ይቅርታውን ተይው፣ በይቅርታ የሚሰረዝ መስመር የለም።

ሃና ወንበሯን ገፋ አድርጋ ተነሣች።

— ወዴት? ቁጭ በይ!… አንቺን አይደለም፣ የትነበርሽ። ይህችን ነው፤ ሆዷ ባብቶ ነው መሰል።

— ኮሚቴው ከሰዓት ነው የሚቀመጠው አሉሽ?… እንግዲያው ፍጠኚ። አንድ መስመር መሰረዝ ለሃና ምኗም አይደለም። አንቺስ ለእኔ?… ጎሽ፣ ገብቶሻል። በቴሌግራም ጻፊልኝ። «የጥናቱ ዋና አዘጋጅ ዶክተር አምሐ ናቸው፤ እኔ ረዳታቸው ነበርኩ» በይ፣ ከነሙሉ ስምሽ… አባትሽን? አያ ክንዱ ስለ ጥናት ምን ያውቃሉ ብለሽ ነው የምታማክሪያቸው!… እንደፈለግሽ። ልዝጋው?… እህ። ጻፊ፣ እጠብቃለሁ።

ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ሃና በልቧ አትጻፊ፣ አትጻፊ ትላለች። ጮኻ ብትናገር እኮ ልጅቱ ትሰማታለች፤ ግን የራሷ የሥራ ውል የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ነው። ተመልሳ ተቀመጠች፤ በመቀመጧም ራሷን ጠላች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልእክቱ ኮምፒውተሩ ላይ ገባ።

— ደረሰኝ። ምነው ቀድሞውንስ እንዲህ ብትሆኚ!… ሃና፣ ሰርዢው… ሰረዘችው። ጠፋ፣ የለም… አሜን፣ አሜን። አንቺንም ይባርክሽ… ለኮሚቴው? ምን ብዬ ልንገረው?… ኧረ ኮሚቴውማ ጠዋት ተሰብስቦ ሰው መርጦ ተነሣ… አይ፣ ሌላ ሰው ነው… እንዴት አላውቅ፣ ሰብሳቢው እኔ ነኛ!… ሄሎ?… የትነበርሽ፣ ትሰሚኛለሽ?

መስመሩ አልተቋረጠም። ልጅቱ አለች፤ ትንፋሿ ሃና ድረስ ይሰማል። አምሐ ትንሽ አዳመጣትና ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ሃናን ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቃት።