ከክሪኩ ላይ የተላጠው ወረቀት

የምስክር ቃል (ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ)

የምስክሩ ስም፦ ዴዝመንድ አርተር ታንዲ
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የመኪና ፋብሪካ ገጣጣሚ
አድራሻ፦ በርሚንግሃም፣ ኖርዝፊልድ፣ ሆልት መንገድ፣ የቤት ቁጥር 27
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 2019፣ ከረፋዱ 4፡10
ቃሉን የተቀበለችው፦ ኮንስታብል ሃርጂት ሳጉ
ጉዳዩ፦ ጁን 9 ቀን 2019 በሊኪ ኮረብታ ቁልቁለት ላይ የደረሰ የመኪና መገልበጥ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር ጁን 11 ቀን በዚሁ ጣቢያ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃል ላይ አደጋው በደረሰበት ዕለት መኪናዋን በእጄ አልነካሁም ብያለሁ። ውሸት ነው። ዛሬ የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ኮንስታብሏ ከዚህ በኋላ የምናገረው በራሴ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችልና ጠበቃ የመጥራት መብት እንዳለኝ ነግራኛለች። ጠበቃ አያስፈልገኝም ብያለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራች፣ ሚኒ የምትባል ቀይ ትንሽ መኪና ናት። የሟች ባለቤቴ የቤሪል ነበረች። ቤሪል ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ ለልጃችን ለጃኒን ተላለፈች። ጃኒን 39 ዓመቷ ሲሆን በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት። ከእሷ ጋር ስድስት ዓመት የኖረው ሰውዬ ጋሬዝ ፑለን ይባላል፤ የራሱ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። እኔ እነዚህ መኪኖች በሚሠሩበት ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ አራቱን ዓመት እግራቸውን ስገጥም ነው የኖርኩት። የባለቤቴንም መኪና እግር የገጠምኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ስለ ሌላው ዓለም ብዙ አላውቅም፤ ስለዚች መኪና እግር ግን አስተማሪ አያሻኝም።

ነገሩ እንዲገባ የሚከተለውን አስረዳለሁ። ይህች መኪና ስትፈጠር ሞላ የላትም። አራቱም እግሮቿ የሚሸከሟት በድፍን ጎማ ነው፤ መንገድ ላይ የሚሽከረከረውን ሳይሆን በሞላ ፈንታ ከውስጥ የገባውን ማለቴ ነው። ከድፍኑ ጎማ የሚነሳ አጭር ዘንግ አለ፤ የዘንጉ ጫፍ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ነው፤ ኳሷም በእግሩ ላይ ባለች ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ትቀመጣለች። ቡሎን የላትም። ቦታዋ ላይ የሚያቆያት የመኪናዋ ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ እግሯ ከልክ በላይ ከተንጠለጠለ ኳሷ ከቦታዋ ልትወጣ ትችላለች። እኛ በፋብሪካው የሠራን ሰዎች አንዲት ሚኒ ካነሳን በኋላ ስናወርዳት በአንድ እጃችን ኳሷን ይዘን፣ በሌላው ክሪኩን ቀስ እያልን እያወረድን፣ ቦታዋ መግባቷን በጣታችን ሳናረጋግጥ አንለቅም። ይህን ስንት ሰው አስተምሬያለሁ።

ድፍን ጎማው በዘመን ብዛት ይደርቃል። የጃኒን መኪና ጎማም ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ጃኒን በሽተኛ ስታነሳ ስታስተኛ የምትውል በመሆኗ ወገቧን ያማታል። በማርች ወር በቤታቸው ማዕድ ቤት ውስጥ ለምሳ ተቀምጠን ሳለ ጋሬዝ ፖስታ ገልብጦ ጀርባው ላይ ምርጫዎቹን ሣለ። አንደኛው እንደ ነበረው አዲስ ድፍን ጎማ መግጠም ነው። ሁለተኛው ጎማውን አውጥቶ በቦታው ለስላሳ ሞላ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ጎማውን ሳይነኩ ከፍታዋን ብቻ ዝቅ ማድረግ ነው። ሦስተኛውን ራሱ ወዲያው ሰረዘው። እኔ ጎማው ነው የሚሻላት አልኩ።

«አቶ ታንዲ፣ ጎማው መጥፎ ነው አላልኩም» አለ። «ለጃኒን ወገብ ግን ሞላው ይሻላታል።»

«ሞላ ለአልጋ ነው» አልኩት።

ጃኒን ሳቀች። «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል አልጋ ቢያምረኝ ምን አለበት? አባዬ፣ ከኔ ወገብ ይልቅ ለጎማ ታዝናለህ እንዴ?» አለችኝ።

የቀረበልኝን ምሳ አልጨረስኩም። ይህ ሰውዬ ስድስት ዓመት ሙሉ አቶ ታንዲ እያለ ሲጠራኝ ኖሯል። የሚኒ ባለቤቶች ማኅበራችን ውስጥ ሕፃን አዋቂው ዴዝ ነው የሚለኝ። ዴዝ በለኝ ብዬው አላውቅም። ምንም አልበደለኝም። ቤሪል በታመመችበት ጊዜ ሐኪም ቤት ያመላለሳት እሱ ነው።

በኤፕሪል ወር ለጃኒን ልደት አራት አዲስ ድፍን ጎማ ከነካርቶኑ ወሰድኩላት። ሳመችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ካርቶኑን ከደረጃው ሥር አስቀመጠችው። በሜይ መጨረሻ ጋሬዝ ሞላውን ገጠመ። ካርቶኑ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ጁን 9 ቀን እሑድ የማኅበራችን ዓመታዊ መሰባሰቢያ ነበር። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሃሮው በሚባለው መጠጥ ቤት የመኪና ማቆሚያ ስንደርስ ስድሳ ያህል መኪኖች ተሰልፈው ነበር። የጃኒን መኪና ከድሮዋ ትንሽ ዝቅ ብላ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ጉብታ ድምፅ ሳታሰማ አልፋ ገባች። ሰው ከበባት። አብሮኝ የሠራ አንድ ጓደኛዬ ሁለት እጁን ከኋላዋ ላይ ጭኖ ወደ ታች ሲጫናት ቆየና «ዴዝ፣ የአማችህ እጅ ወርቅ ነው» አለኝ። «አማቼ አይደለም፤ አልተጋቡም» አልኩት። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ ነው የተቃጠለው። አሥራ አራት ዓመት የገጠምኩትን ነገር አውልቆ ጥሎ፣ የኔው ጓደኞች ሲያጨበጭቡለት ማየት ነበረብኝ።

5 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጃኒን ሰው ለማናገር ሄደች፤ ጋሬዝም ሻይ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ከሥሯ ገብቼ የሠራውን ስህተት ፈልጌ ላወጣበት ተነሳሁ። የኋላውን ኮፈን ከፍቼ ክሪኩን ሳወጣ እጀታው ላይ በቡናማ ፕላስተር የተለጠፈ፣ ለሁለት የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ከላይ የሚታየው መስመር «ይህች መኪና እኔ በሌለሁበት በክሪክ አትነሳ» ይላል። ለኔ የተጻፈ መሰለኝ። እኔን አውቆ፣ ለኔ አስቦ የጻፈው መሰለኝ። ላጥኩትና ሳልዘረጋው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ጁን 11 ቀን ኮንስታብሏ ክሪኩ ላይ የቀረው የፕላስተር ቁራጭ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ የቆየ ነው ያልኳት ይኸው ነው።

መኪናዋን በግራ በኩል አነሳኋት። መሬት ላይ ተጋድሜ የኋላውን እግር አየሁ። ሥራው ንጹሕ ነው። ቡሎኖቹ የጠበቁ፣ ግሪሱ በልክ የተቀባ። ስህተት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ያልተቀየረው፣ የእግሩን ንዝረትና መንጠልጠል የሚገድበው አሞርዛተሩ ብቻ ነበር። መኪናዋ ዝቅ ስላለች አጠር ያለ አሞርዛተር ያስፈልጋታል፤ እሱ ገና ስላልደረሰለት የድሮውን ረጅሙን መልሶ አስሮታል። መንገድ ላይ ስትሄድ ችግር የለውም። በክሪክ ስትነሳ ግን እግሯ ከልክ በላይ ይንጠለጠላል። ወረቀቱ ለምን እንደተጻፈ ያኔ ገባኝ። ጣቴን ሰድጄ ስዳብስ ኳሷ ከቦታዋ ወጥታለች።

ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ፤ ከላይ ተናግሬዋለሁ። ነገር ግን ቀና ስል ጋሬዝ ሦስት ሻይ በትሪ ይዞ ሲመጣ አየሁ። ከመኪናዋ ሥር እንዳያገኘኝ ብዬ ኳሷን ሳልይዝ ክሪኩን በጥድፊያ አወረድኩት። ትንሽ ድምፅ ተሰማኝ። ኳሷ ጎድጓዳዋ ውስጥ ሳትገባ ጠርዟ ላይ ስታርፍ የምታሰማው ድምፅ ነው። ያን ድምፅ ተኝቼም ብሆን እለየዋለሁ። ክሪኩን ወደ ውስጥ ወርውሬ ኮፈኑን ዘጋሁ።

«አቶ ታንዲ፣ መሬት ለመሬት ምን ፍለጋ ነው?» አለኝ።

«መነጽሬ ወድቆብኝ ነው።»

«ሻይዎ ሁለት ስኳር ነው፤ ተሳሳትኩ?»

አልተሳሳተም። ተቀብዬው ጠጣሁ።

ኮንስታብሏ መኪናዋ አደጋ እንደሚያገኛት አውቅ እንደነበር ጠይቃኛለች። የምመልሰው እንዲህ ነው። ኳሷ እንደምትወድቅ አውቅ ነበር። የምትወድቀው ግን በሩ አጠገብ ባለው ጉብታ ላይ፣ መኪናዋ በሰው እርምጃ ስትሄድ ነው ብዬ ነበር። የኋላዋ ግራ ጎን ጓ ብሎ ይወርዳል፣ ያ ሁሉ ሰው ዞር ይላል፣ ማንም አይጎዳም። የምቆምበትን ቦታ እንኳ መርጬ ነበር። የምለውንም አዘጋጅቼ ነበር፤ «ሞላ ለአልጋ ነው ብዬ አልነበር?» እል ነበር። ልጄ እንድትጎዳ አልፈለግሁም። እንድታፍር ግን ፈልጌያለሁ፤ በሱ እንድታፍር።

ቀን 6 ሰዓት ከ10 ላይ ጃኒን ለብቻዋ ሆና፣ እናቷ ኮረብታው ላይ ከመኪናዋ ጋር ፎቶ በተነሳችበት ቦታ መኪናዋን አቁማ ለመኝታ ቤቷ የሚሆን ፎቶ ልታነሳት፣ ከግቢው ወጣች። ጉብታውን አለፈችው። ምንም አልወደቀም። ያን ጊዜ ምነው ብዬ ተናደድኩ፤ ይህም ይጻፍልኝ። እጇን በመስኮት አውጥታ ሰላም አለችኝ። በመካከላችን ከአሥራ አምስት እርምጃ አይበልጥም ነበር። ለምን ቁሚ ብዬ እንዳልጮህኩ ተጠይቄ የምመልሰው፣ ጋሬዝ አጠገቤ ቆሞ ስለነበረ ነው።

ከ10 ደቂቃ በኋላ ስትመለስ፣ ከመጠጥ ቤቱ በሚታየው የቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ የመኪናዋ የኋላ ግራ እግር ወርዶ፣ ከድንጋይ አጥር ጋር ተላትማ ተገለበጠች። ጋሬዝ ሮጦ ቀድሞኝ ደረሰ። በተሰበረው መስኮት ግማሽ አካሉን አስገብቶ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ጭንቅላቷን በእጁ ይዞ ያቆየው እሱ ነው። እኔ አጥሩ ላይ ተቀምጬ ነበር።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ሸሚዙ በደም እንደራሰ መጥቶ «አቶ ታንዲ፣ ክሪኩ ላይ ወረቀት ለጥፌ ነበር፤ አይተውታል?» አለኝ።

«የምን ወረቀት?» አልኩት።

አመነኝ። «እንግዲያስ ወድቆ ይሆናል፤ አጥብቄ አልለጠፍኩትማ» አለና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ወረቀቱ እኮ ያኔም ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጃኒን የዳሌ አጥንቷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በምርኩዝ ትሄዳለች ብለዋል፤ በሽተኛ ግን ከእንግዲህ አታነሳም። የዚያን ሳምንት ነገር ምንም አታስታውስም። መኪናዋን የመረመረው ሰው ረጅሙ አሞርዛተር ሳይቀየር እንደተገኘ ከነገራት በኋላ፣ እኔ ባለሁበት ጋሬዝን «እንዳላይህ» አለችው። ልብሱን ሰብስቦ ጋራዡ ውስጥ እየኖረ ነው። ወረቀት ነበረ እያለ ለሁሉም ይናገራል፤ የሚያምነው አላገኘም። እኔ በየቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ሄጄ እጠይቃታለሁ። በየቀኑም እጄን ይዛ «አባዬ፣ ነግረኸኝ ነበር እኮ» ትለኛለች። ይህን ከአፏ ለመስማት ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። አሁን እንደ ሬት ይመረኛል። እስከ ትናንት ድረስ ግን «አዎ፣ ነግሬሽ ነበር» እያልኩ ትራሷን ሳስተካክል ቆይቻለሁ።

ትናንት ወደ ቤት ተመልሼ ጃኬቱን ለማጠብ ኪሱን ሳራግፍ ወረቀቱን አወጣሁት። የታጠፈውን ዘርግቼ የታችኛውን ክፍል ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት አላነበብኩትም። ወረቀቱን ዛሬ ለኮንስታብሏ አስረክቤያለሁ። እሷም በጠየቅኳት መሠረት ቃል በቃል እንደሚከተለው ገልብጣዋለች፦ «ይህች መኪና እኔ በሌለሁበት በክሪክ አትነሳ። አጭሩ አሞርዛተር እስኪመጣ ኳሷ ከቦታዋ ትወጣለች። የግድ ከሆነ አቶ ታንዲን ጥሩ። እንደሳቸው የሚያውቅበት የለም። ጋሬዝ።»

ልጄ ይህን ከፖሊስ ትስማ ወይስ ከኔ ተብዬ ተጠይቄ ከኔ ትስማ ብያለሁ። የዛሬው የመጠየቂያ ሰዓት ከማለፉ በፊት እንድደርስ እንዲፈቀድልኝ አመለክታለሁ።

ከላይ የተጻፈውን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ከመጀመሪያው ቃሌ ጋር በሚጋጭበት ሁሉ ያኛው ተሰርዞ ይኸኛው እንዲያዝልኝ፣ ሐሰት ሆኖ ከተገኘም በሕግ ልጠየቅበት ተስማምቼ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዴ. አ. ታንዲ
ቃሉን የተቀበለችው ኮንስታብል ፊርማ፦ ሃ. ሳጉ

እርማት፦ ቃሉ ለምስክሩ ሲነበብለት፣ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ከእሷ ጋር ስድስት ዓመት የኖረው ሰውዬ» የሚለው ተሰርዞ «አማቼ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቋል። ሁለቱ በሕግ ያልተጋቡ መሆናቸው ተገልጾለት፣ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ይጻፍልኝ ብሏል። የምስክሩ ቃል በመሆኑ ተጽፎለት በኅዳጉ ላይ ፈርሟል።