ባሏ እስኪሞት ያልተቆጠረ እጅ

በ1975 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ አቶ ዘይኑልአቢዲን ከደሴ ፒያሳ የገዙትን የሐር ሻሽ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ኮምቦልቻ ላይ ወደ ሐርቡ የሚሄደውን መኪና ሲጠብቁ የሟች ልጃቸውን ሚስት ረሂማን አገኟት። ሻሹ ለእሷ የተገዛ ነበር። አቶ ዘይኑልአቢዲን ለሰው የሚያዝኑ፣ በአገሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ክፋታቸው አንድ ነገር ካሰቡ ሌላው ሰው ሁሉ አስቀድሞ የተስማማ ይመስላቸዋል። አሁንም ረሂማን ለታናሽ ልጃቸው ለጀላል ሊድሯት ቆርጠው፣ ከጀላል ጋር ተነጋግረው፣ ከሽማግሌዎቹም ጋር ጨርሰዋል። ሳይነገራት የቀረችው ረሂማ ብቻ ነበረች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ጣይባ ምን ሆነችብሽ?» አሉ፣ በእናቷ ጀርባ የታዘለችውን የልጅ ልጃቸውን ግንባር እየዳሰሱ።

«ተቅማጥ ነው። ከክሊኒክ መመለሴ ነው፤ ከምንጩ ውሃ የመጣ ነው አሉኝ።»

«አላህ ያሽራት። እኔም ደግ ወሬ ይዤልሻለሁ። የባልሽን ሐዘን መጠበቂያ፣ ዒዳሽን ጨርሰሻል፤ በጁምዓ ከጀላል ጋር ኒካሑን እናስር ብለናል። ልጅሽን እንደ ልጁ ያሳድጋል።»

ረሂማ በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ የተማረች፣ ስትናገርም ዓይኗን የማትሰብር ሴት ናት።

«ጀላልን አልጠላውም» አለች። «ግን ጀላልን ሳገባ እጄን ልተው ነው?»

«የምን እጅ?»

«የገበሬ ማኅበራችን የሚቆጥረው የአባወራውን እጅ ነው። ልጅዎ በሕይወት ሳለ ከኋላ ተቀምጬ ስሰማ ኖርኩ። እሱ ሲሞት አባወራ ተባልኩና እጅ ማውጣት ተፈቀደልኝ። ጀላልን ሳገባ ደግሞ ተመልሼ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሴት ልጅ ለመቆጠር የግድ ባሏን መቅበር አለባት?»

ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥለው ተቆጡ።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ! ቤት አንድ ቃል ነው። ባል እጁን ሲያወጣ የሚስቱንም አወጣ ማለት ነው። ሁለት ቃል የገባበት ቤት ይፈርሳል።»

«እንግዲያ ከብቱ ከላይኛው ምንጭ ይጠጣ ሲባል የማንን እጅ ነው ያወጡት? ከብቱ የረገጠውን ውሃ ከታች የምንቀዳው እኛ ነን። እማማ ሐዋን ጠይቀዋቸው ነበር?»

ሐዋ የሽማግሌው ባለቤት ናቸው። ባልየው አልጠየቋቸውም፤ መጠየቅም አልመጣላቸውም ነበር።

«ሴት ልጅ በአደባባይ…»

«ለሰልፍና ለመፈክር ሲሆን ቤት ለቤት እየተዞረ ሴቶች ውጡ እንባላለን፤ ያ አደባባይ አይደለም? ይኼን ይተዉትና በዲናችን ልጠይቅዎ። በጁምዓ ያሰቡት ኒካሕ ያለ እኔ ፈቃድ ይታሰራል?»

«አስተግፊሩላህ! ፈቃድሽ ካልተጠየቀማ የምን ኒካሕ ነው!»

«ዕድሜዬን ሙሉ በምሰጥበት ነገር ቃሌ ከተቆጠረ፣ በአንዲት ምንጭ ላይ ለምን አይቆጠርም?»

አቶ ዘይኑልአቢዲን ክንዳቸውን ወደ ጎናቸው አጠበቁ። ፈቃዷን ሳይጠይቁ የገዙት ሻሽ ብብታቸው ስር ነው። ጣይባ ስታቃስት ደግሞ፣ ለከብቱ ከወጡት እጆች አንዱ የራሳቸው እንደነበረ ትዝ አላቸው። አፈሩ።

«ወላሂ ረታሽኝ» አሉ። «ኒካሑ ይቆይ።»

እሑድ ዕለት ረሂማ በአባልነቷ የምንጩን ነገር በስብሰባው ላይ እንደገና አነሳች። ሽማግሌው ተነሥተው «ባለ ባል ሴቶችም እጃቸውን ያውጡ» አሉ።

«ደንቡ አባወራ ነው የሚለው» አለ ሊቀ መንበሩ ፈንታሁን።

«ደንቡ ውሃ አይቀዳም! የሚቀዱት እነሱ ናቸው!»

ወንዶቹ አጉረመረሙ። ሴቶቹ ግን እስኪፈቀድላቸው አልጠበቁም፤ ምንጩ ይታጠር ብለው ከኋላ ተነሥተው እጃቸውን አወጡ። ፈንታሁን «አውርዱ!» አለ። አላወረዱም። ደግሞ ጮኸ፤ አሁንም አላወረዱም። ቢጨንቀው መቁጠር ጀመረ፤ የሴቶቹ እጅ በዛና ምንጩ እንዲታጠር፣ ለከብቱም ገንዳ እንዲሠራ ተወሰነ። የከብቱ ገንዳ የት ይሁን ሲባልም፣ አቶ ዘይኑልአቢዲን ከቤታቸው አጠገብ እንዲሆን ሲጠይቁ፣ የገዛ ሚስታቸው ሐዋ ከተቃዋሚዎቹ ጋር እጃቸውን አወጡ! ሽማግሌው ተሸነፉ። ይፈርሳል ያሉት ቤታቸው ግን አልፈረሰም፤ ማታ ባልና ሚስት እንደ ወትሮው ከአንድ ገበታ በሉ።

ከዚያ ወዲህ ምንጩ ታጥሯል፤ ከብቱም ከታች ከገንዳው ይጠጣል። ጣይባ ድና ትሮጣለች፤ የልጆቹ ተቅማጥ ቀሏል፤ አባቶችም ታማሚ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ መመላለሱ ቀርቶላቸዋል። ሴቶቹ ሲጠየቁ የተጠቀመው አገሩ ሁሉ ነው፤ እንቢ ባይ ወንዶችም ያንኑ ንጹሕ ውሃ ይጠጣሉ።

አንድ ቀን አቶ ዘይኑልአቢዲን ረሂማ ቤት ሄዱ።

«እንግዲህ ብታገቢም እጅሽ ይቆጠራል። ጀላልን ታገቢዋለሽ ወይ?» ብለው ጠየቋት።

«አላገባውም፣ አባባ።»

 ነገሩ ሽማግሌውን መረራቸው፤ ዋጡት።

«ቃልሽ ነው» አሉና ለጀላል ሊነግሩት ተነሡ።