ሐጂ ዘይነዲን መኪናቸውን ያጠቡ ዕለት

በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንድ ዓርብ ማለዳ ነው። ገጠር ለቅሶ አድሬ ወደ ቤቴ ወደ አጋርፋ በእግሬ ሳዘግም፣ ከጉሙ ውስጥ የተከፈተ ኮፈን ብቅ አለ። ከኮፈኑ ሥር አንድ የማውቀው ነጭ ኮፍያ ይወዛወዛል። ጠጋ ስል ጎረቤቴ ሐጂ ዘይነዲን ናቸው።

«አካም ቡልተን፣ ሐጂ!» አልኩ ጎንበስ ብዬ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው! ሰላምታውን በኋላ እናደርሳለን፤ አምባዬ፣ መጀመሪያ ግፋ!»

የሐጂን መኪና ከተሳፈርኩባት ይልቅ የገፋኋት ስለሚበልጥ አልገረመኝም። የደነገጥኩት ወደ ውስጥ ሳይ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሞሚና በጋቢ ተጠቅልለው ከኋላ ተቀምጠዋል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ከጋረዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«አምባዬ ነህ? ጫማህን ስትጎትት አወቅሁህ» አሉኝ። «የዓይን ሐኪሞቹ ጎባ የሚቆዩት እስከ ዛሬ ብቻ ነው። ከአራት ሰዓት በፊት ያልደረሰ ለከርሞ ይቀጠራል ብለውናል። ስንት ሰዓት ነው?»

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል። የጠዋቱ አውቶቡስ ካለፈ ቆይቷል፤ በዚያ መንገድ ሌላ መኪና እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ምሳውን ይዞ መቀመጥ አለበት። ለሴትዮዋ ግን «ገና ነው» አልኳቸው። እንዳይደነግጡ ዋሸሁ።

ገፋን። መንገዱ ዳገት ነውና ገፋን ማለት ደከምን ማለት ብቻ ነው። መኪናዋ ንቅንቅም አላለች።

«በቃ፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጡት ካንዴላዎቹ በርዷቸዋል» አሉ ሐጂ ላባቸውን እየጠረጉ። «ነቅለን፣ ቤንዚን አርከፍክፈን እሳት እናሙቃቸው።» ክብሪታቸውንም አወጡ።

«አባ፣ እባክዎ ክብሪቱን ወደ ኪስዎ ይመልሱልኝ።»

ይህን ያለችው ከጎናችን ስትገፋ የነበረችው ልጃቸው ኢፍቱ ናት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ስትማር ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ እናቷን ልታስታምም መጥታለች። ሐጂ ልጃቸው በመማሯ ይኮራሉ፤ የተማረችውን በእሳቸው መኪና ላይ እንዳትሞክረው ብቻ ነው የሚፈልጉት።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። አንቺ ሳትወለጂ ካንዴላ አሙቄያለሁ።»

«አላህ ጠብቆዎት ነዋ! ቅድም ወደ ሞተሩ ሲጨምሩ ቤንዚን ከጀሪካኑ መሬቱ ላይ ሳይቀር ፈሷል፤ እማዬም ውስጥ ናት። ለመሆኑ ካንዴላው መበላሸቱን በምን አወቁ?»

«መኪና እምቢ ሲል ካንዴላ ነው። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ አዲስ ቀይሬያለሁ።»

«ሦስት ጊዜ ቀይረው ዛሬም ከቆመች፣ ጥፋቱ የካንዴላው ባይሆንስ?»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ፤ እንድፈርድ መሆኑ ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው፣ የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ ሰማይ ማየት እወዳለሁ። ሰማይ አየሁ።

«ሞተር እንዲነሳ ቤንዚንም እሳትም ያስፈልገዋል» አለች ኢፍቱ አንዱን ካንዴላ እየፈታች። «የትኛው እንደጎደለ ሳናውቅ የምናደርገው ሁሉ ግምት ነው። ያሽትቱት እስቲ።»

ሐጂ አሸተቱ። «ቤንዚን።»

«ርጥብ ነው አይደል? ስለዚህ ቤንዚኑ ደርሷል። እንዲያውም ሲጨምሩበት አጥለቅልቀውታል። የጎደለው እሳቱ ይሆናል፤ እሱንም እናያለን።»

የቤንዚኑን ጀሪካን ራቅ አድርጋ አስቀመጠች፤ የፈሰሰውን ጠርጋ ሽታው እስኪጠፋ ቆየች። ከዚያ ካንዴላውን ገመዱ ላይ ሰክታ፣ እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ይዛ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር አነካካችው። «ጋሽ አምባዬ፣ ቁልፉን ያዙሩ!» አዞርኩ። ሞተሩ አቃሰተ። ካንዴላው ጫፍ ላይ ግን ምንም ብልጭ አላለም።

«አላልኩም? ሞቷል!» አሉ ሐጂ።

«አባ፣ ከረንት ካልደረሰው አዲሱስ ምን ያደርጋል? ገመዱን ተከትለን ወደ ኋላ እንሂድ። ካንዴላ ከረንቱን የሚያገኘው ለየካንዴላው ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢውተሩ ነው።» ድንገት ቀና ብላ አየቻቸው። «ዛሬ ሞተሩን ውሃ ነክቶታል?»

«ምን ውሃ! ውሃማ አልነካትም።»

«ወንዙ ጋ ሁለት ጀሪካን የፈሰሰባት ታዲያ የማን መኪና ናት?» አሉ ወይዘሮ ሞሚና ከውስጥ።

«እሱማ ታጠበች እንጂ!»

ሳቄ ቢያመልጠኝ ሐጂ ተቆጡ። «ምን ያስቅሃል? ዛሬ ጁምዓ ነው። እኔ ታጥቤ፣ ለብሼ፣ እሷ ጭቃዋን ይዛ ሰው መሃል ትግባ? ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ አጥባታለሁ፤ ኮፈኗን ከፍቼ፣ ሆዷን ሳይቀር።»

«ሐጂ» አልኩ፣ «ውዱእ የታዘዘው ለሰው መሰለኝ።»

«ትታጠብ፣ አልከለከልኩም» አለች ኢፍቱ። «ግን ያስቡት፣ ብዙ ጊዜ እምቢ የምትለው መቼ ነው?»

ሐጂ ጣታቸውን እየቆጠሩ አሰቡ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ዓርብ ከሰዓት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደግሞ ዓርብ። ክብሪቱ ቀስ ብሎ ወደ ኪስ ገባ።

ኢፍቱ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ፈትታ ገልብጣ አሳየቻቸው። ውስጡ እንደ ጤዛ በጥቃቅን ጠብታ ተሸፍኗል። «ከረንቱ በዚህ ውሃ እየሾለከ ወደ ብረቱ ይሸሻል፤ ለካንዴላው የሚተርፍ የለም» አለች።

ጉሙ ልብሳችንን ሁሉ አርጥቦታል። ደረቅ ጨርቅ የተገኘው ወይዘሮ ሞሚና ጭን ላይ ካለው ዘንቢል፣ ዳቦው ከተጠቀለለበት ነው። ኢፍቱ ፍርፋሪውን አራግፋ ክዳኑን ከውስጥም ከውጭም አደረቀች፤ ገመዶቹን ቦታቸው እንዳይምታታ አንድ በአንድ ነቅላ ጠርጋ መለሰች። ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጥታ ጠራርጋ፣ ቤንዚኑ እንዲተንን ንፋስ ላይ ደረደረቻቸው።

«አሁን ግጠሚና እናስነሳ!» አሉ ሐጂ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«አሥር ደቂቃ ይድረቁ።»

«አሥር ደቂቃ! የእናትሽ ዓይን እኮ ነው!»

«ለዚህ ነዋ፣ አባ! ባትሪው ደክሟል። ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስነሳ አይመስለኝም። ርጥቡን ሞክረን ከጨረስነው ሌላ ዕድል የለንም።»

ካንዴላዎቹን ደጋግማ ቆጠረች። ልጅቷም እንደኛው ፈርታለች። ሐጂ ቁልፉን ጨብጠው ቆሙ፤ ሚስታቸውን ያያሉ፣ ሰዓቱን ያያሉ፣ የተደረደሩትን ካንዴላዎች ያያሉ።

«ዘይነዲን» አሉ ወይዘሮ ሞሚና፣ «ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። አሥር ደቂቃ አያሳውረኝም። ልጅቱን ተዋት።»

ሐጂ ቁልፉን ለልጃቸው ሰጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንደዚያ የረዘመ አሥር ደቂቃ አላየሁም።

ኢፍቱ ካንዴላዎቹን ገጥማ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ ሁለተኛው ቀሰስ አለ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሦስተኛው መኪናዋ ሳለች፣ ተንፈቅፍቃ ተነሣች!

«ማሻአላህ! ዝለልና ግባ፣ አምባዬ!» አሉ ሐጂ።

ቤቴ በሌላ በኩል መሆኑን ያስታወስኩት ሮቤ ከተማን ካለፍን በኋላ ነው። ጎባ ልንደርስ ስንል ሐጂ ተናገሩ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀይር፣ ግፋ፣ አሙቅ ነው የማውቀው። ይኼን ክዳን ከፍቶ ማየት ጨርቅ ብቻ የሚጠይቅ ኖሯል። ከእንግዲህ ጭቃዋን ከውጭ አጥባለሁ፤ ሞተሯን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ስትቆምም መጀመሪያ እጠይቃለሁ፤ ቤንዚን ነው ወይስ እሳት?»

ጎባ ስንደርስ ለአራት ሰዓት ሰባት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሐኪሞቹ ወይዘሮ ሞሚናን ካስገቧቸው በኋላ በሩ ተዘጋ።

ሐጂ ከዚያ ወዲህ ካንዴላ በግምት አልገዙም፤ ክብሪትም ሞተር አጠገብ አላወጡም። የጁምዓ ሶላታቸውን በሰዓቱ ይደርሳሉ፤ እኔም የምገፋው ጠፍቶ ወፍሬያለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ሳይመረምሩ መለወጥ ድካም መሆኑን፣ የተማረ ልጅ ሲጠይቅ መስማትም ክብር እንደማይቀንስ ከእሳቸው ተረድቻለሁ።

በዚያ ዓርብ ማግስት የሆስፒታሉ ነርስ ከታከመው ከወይዘሮ ሞሚና አንድ ዓይን ላይ ፋሻውን ስትፈታ ሦስታችንም ቆመን ነበር። ኢፍቱን ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩዋት። ወደ ባላቸው ሲዞሩ ግን ተኮሳተሩ።

«ይሄን ሂና ማን ነው የቀባህ? ጢምህ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ ነው!»

ሐጂ ጢማቸውን ጨብጠው ወደ እኔ ዞሩ። «አምባዬ! በየቀኑ ታየኝ የለም? ምነው ሳትነግረኝ?»

«አፍሬ ነው፣ ሐጂ» አልኩ። እውነቴን ነበር።